በኅዳግ የተጻፈው ማስታወሻ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ሰሜን ስፔን በሄድኩበት ጊዜ፣ ላ ሪዮሃ በተባለው የወይን አገር የምትገኘውን ሳን ሚያን ዴ ላ ኮጎያ የምትባል የገዳም መንደር ጎብኝቼ ነበር። በመንደሯ ሁለት ገዳማት አሉ። ሱሶ የላይኛው፣ ዩሶ የታችኛው ማለት ነው፤ ስሰማው የጎንደር ትርጓሜ ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት መባላቸው ትዝ አለኝ። ሱሶ የታነጸው በ6ኛው መቶ ዘመን ሚያን የተባለ ባሕታዊ በኖረበት ዋሻ ላይ ሲሆን፣ ጠባብ በመሆኑ ጎብኚዎች ከታች በትንሽ አውቶቡስ በየቡድኑ ይወሰዳሉ።

ይበልጥ የሳበኝ ግን የአንድ መጽሐፍ ታሪክ ነው። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት አንድ አንባቢ፣ ምናልባትም መነኩሴ፣ የላቲን ስብከቶችን ሲያነብ የከበደውን ቃል በኅዳጉና በመስመሮቹ መካከል በሕዝቡ ቋንቋ ፈታው፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ በባስክኛ ጻፈ። እነዚህ ማስታወሻዎች ዛሬ ከስፔንኛ ቀደምት የጽሑፍ ምስክሮች ይቆጠራሉ። መጽሐፉ ራሱ ማድሪድ በንጉሣዊው የታሪክ አካዳሚ ስለሚገኝ፣ መንደሯ ያለ ዋናው ቅጂ ታሪኩን ትተርካለች፤ ከቡድናችን ቅር የተሰኘ አላየሁም። (በዩሶ የብራና መዝሙር መጻሕፍት መደርደሪያ ሥር አይጥ የምታባርር ድመት የምትገባበት ቀዳዳ መኖሩንም ሳልጠቅስ አላልፍም።)

ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ስለሆነ በወመዘክር አጠገብ ዘወትር አልፋለሁ፤ ከዚያ ጉዞ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር የእኛ ብራናዎች ኅዳግ ይታወሰኛል። በግእዝ መጻሕፍታችን ጠርዝና ባዶ ገጾች ላይ የርስት ስጦታ፣ ውል፣ አንዳንዴም የአማርኛ ቃላት ተጽፈው ይገኛሉ። ከቀደምት የአማርኛ ጽሑፎች መካከል የሆኑት፣ ለእነ ዐፄ ዓምደ ጽዮንና ዐፄ ይስሐቅ የተገጠሙት ውዳሴዎች የደረሱን በኦክስፎርድ በተቀመጠ ብራና አማካይነት ነው። ዋናው ከአገር ውጭ መሆኑ ቢያሳዝንም፣ ጥሩ ቅጂ አዘጋጅቶ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከማሳየት የሚከለክለን አይመስለኝም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች በመሀል ከተማ አንድ ክፍል እንዲመድቡ፣ እንዲህ ያሉ ገጾችን በቅጂ አቅርበው ከሥራቸው በቀላል አማርኛ ማብራሪያ እንዲያኖሩ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓታትም የግእዝ ዐዋቂ ተቀምጦ ለተማሪዎች እያነበበ እንዲተረጉም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለመነሻ አምስት ገጽና አንድ የመስታወት ሣጥን ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ