ሳትፀንሺ ጀምሪ

ለውድ ልጄ፣

እንኳን ለ32ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ፣ የኔ እናት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባትሽም ከብርዱ በቀር ጉልበቱ ተሽሎታል። በስልክ ልነግርሽ ብሞክር እንባዬ ስለሚቀድመኝ ነው የምጽፍልሽ። ረዘመ ብለሽ እንዳትተዪው።

ባለፈው እሑድ ከፋሲካ በኋላ ልጅ እንደምታስቡ ስትነግሪኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ቫይታሚን ጀምረሻል ወይ ስልሽ ግን «ስፀንስ ሐኪሟ ታዝልኛለች» አልሽ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስትፀንሺ አይደለም ልጄ፤ ሳትፀንሺ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን፣ 400 ማይክሮ ግራም ያለውን፣ በቀን አንድ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሪ።

የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ገና «የወር አበባዬ ዘገየ» እያለች ነው። አንቺ ቀጠሮ ይዘሽ ሐኪም ፊት እስክትቀመጪ ቱቦው ወይ ተዘግቷል ወይ ክፍት ቀርቷል። ከዚያ በኋላ የሚዋጠው ለዚያ አይደርስም።

ይህን ከየት አመጣሽው ትዪ ይሆናል። የበኩር ልጄ አንቺ አይደለሽም።

ጥር 1979 ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። ያኔ ሞጣ ነበርን፤ አባትሽም እኔም እዚያው እናስተምር ነበር። መልኩ ቁርጥ አባትሽን። ወገቡ ላይ ግን ክፍት ነበረ፤ ስስ ቆዳ የሸፈነው፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት። እግሮቹን አያንቀሳቅስም። በጎኑ አስተኝቼ 9 ቀን አጠባሁት። በ9ኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል አረፈ። ክርስትና እንኳ አልተነሣም።

ሰው ምክንያት ይፈልጋል። አንዷ እንስራ ተሸክመሽ ነው አለችኝ፤ ሌላዋ ብርድ ነው አለች። እኔ ጎረቤታችን ላይ ጨከንኩ። እርጉዝ ሳለሁ «እርግዝና ያምርብሻል» ብላኝ ነበርና፣ ዓይኗ ነው አልኩ። ልታጽናናኝ ስትመጣ በሩን ዘጋሁባት። ከሞጣ እስክንለቅ ድረስ ቡናዋን አልጠጣሁም፣ ሰላምታዋንም አልመለስኩም። እሷ ግን በበዓል በበዓሉ ድፎዋን በአባትሽ እጅ ትልክልኝ ነበር።

ወንድምሽ ሕክምና ሲማር፣ የሰው ታሪክ አስመስዬ ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ ልጅ ለምን ይወለዳል? አልኩት። ምግቡን እየበላ ነገረኝ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ7 አገር፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለዱ እናቶች ሳይፀንሱ ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ሰጥተው፣ ጉዳቱ በ72 በመቶ መቀነሱን በ1983 ክረምት አሳወቁ አለኝ። ልጄን ከቀበርኩ ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ወጡ አረረ ብዬ ማድ ቤት ገባሁና እዚያው ቀረሁ። ሁሉንም አይከላከልም፤ የእኔንም ልጅ ያተርፈው እንደነበር የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። የሴትየዋ ዓይን ግን አልነበረም። ይቅርታ ልጠይቃት ሞጣ ድረስ ሄድኩ፤ አፈር ከለበሰች ዓመት አልፏታል አሉኝ።

ስለዚህ ለሐኪምሽ «ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ተወልዶ ነበር» ብለሽ ንገሪያት፣ አትደብቂ። መጠኑን ከፍ ልታደርግልሽ ትችላለች። እሷ ሳትልሽ ግን ደርበሽ እንዳትውጪ። ቫይታሚን ሲበዛ ይጠቅማል የሚልሽን አትስሚ፤ ቫይታሚን ኤ ከልክ ሲያልፍ ፅንስ ይጎዳል፤ ጉበትም በእርግዝና አይዘወተርም።

«አሜሪካ ዱቄቱ ውስጥ ይጨምሩበታል» እንዳትዪኝ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቫይታሚን በሚያበለጽጉት የስንዴ ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንደሚጨምሩ አውቃለሁ። አንቺ ግን ከሐበሻ ሱቅ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ነው የምትገዢው። ያ ሕግ ጤፍሽ ላይ አይደርስም። ምስሩም ሽሮውም የራሱ ፎሌት፣ ማለትም ምግብ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው የፎሊክ አሲድ ዓይነት፣ አለው፣ ብዪው፤ ጎመኑንም ቀቅለሽ ውኃውን አትድፊ፣ ፎሌቱ አብሮ ይፈሳል። ይህን ሁሉ አድርገሽም ኪኒኑን ሳትፀንሺ ጀምሪ።

የላክሽልኝን ሮዝ ጨው አየሁት። ያምራል። ወንድምሽ ማሸጊያውን አንብቦልኛል፤ አዮዲን የለበትም። አያትሽን አስታውሺያት፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ የምትጠመጥመው ለብርድ ይመስልሽ ነበር። እንቅርቷን ልትሸፍን ነው። የእኛ ደጋ አፈሩ አዮዲን ያንሰዋል፤ በዚያ ዘመን የምናገኘው አሞሌም አልነበረውም። እርጉዝ ሴት በቀን 250 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋታል፤ የሕፃኑ አእምሮ በእሱ ነው የሚያድገው። ሮዙን ተዪውና አዮዲን ያለበት የሚል የተጻፈበትን ተራውን ጨው ግዢ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሪው። ከምትወስጂው ኪኒን ውስጥም አዮዲን መኖሩን ሐኪሟን ጠይቂያት።

ደምሽ፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ 10 መሆኑንም ሰምቻለሁ፤ ማን ነገረሽ ብለሽ ከሰው እንዳትጣዪ። ለሴት ከ12 ማነስ የለበትም። ምግብ ላይ ሻይ መጠጣትሽን አቁሚ፤ ብረቱን እንዳይዋሃድሽ የሚይዘው እሱ ነው። ሻይም ቡናም ከበላሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ጎመኑም ምስሩም ላይ ሎሚ ጭመቂበት። ጾምሽን አልከለክልሽም፤ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ 12 በተፈጥሮው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት በቀር እምብዛም አይገኝምና በፍስኩ ጊዜ አትሰስቺ።

ተቆጣሁ አይደል? ሆዴ፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ገላሽን ባጠብኩሽ ቁጥር ወገብሽን እዳብስ እንደነበር አታውቂም። ዘግቶ እንደሆነ በየቀኑ አይ ነበር።

ለባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ለእሱም አንብቢለት። እሑድ ስደውል ቪዲዮውን ክፈቺና የኪኒኑን ጠርሙስ አሳዪኝ። ተከፍቶ ልየው።

እናትሽ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.