የሾፌሩ ሚስት ስሟ ማነው?

እታለም እንደምን ሰነበትሽ፣ እማዬስ እግሯ ተሻላት? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ይቺን ነገር በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንደፃፍኳት አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዛሬ የምፅፍልሽም በሷው ምክንያት ነው።

ባለፈው በቴሌግራም "ሌሊት እየሰራሽ ደሞ ታሪክ መማር ምን ይሉታል፣ ነርሲንግሽን አትጨርሺም ወይ" ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር። ልክ ነሽ፣ ግን ለመመረቅ አንድ የታሪክ ኮርስ ግድ ነው ተባልኩ፣ እኔም ከሺፍቴ ጋር ሰዓቱ ስለተመቸኝ ብቻ የአሜሪካ ሴቶች ታሪክ የሚለውን ያዝኩ፣ ሌላ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም።

የመጀመሪያው አሳይመንት ስለ አንዲት ሴት ፃፉ፣ ግን ሌላ ሰው ኋላ ስለሷ ከፃፈው ሳይሆን ከራሱ ከዘመኑ ወረቀት ተነሱ የሚል ነው። ፕራይመሪ ሶርስ ይሉታል፣ ደብዳቤ በይው፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ጋዜጣ፣ የሕዝብ ቆጠራ ምናምን። እኔ ሶጆርነር ትሩዝን መረጥኩ። ኒውዮርክ ውስጥ በባርነት የተወለደች፣ ማንበብም መፃፍም የማትችል፣ ግን ስትናገር አዳራሽ ፀጥ የምታሰኝ ሴት ናት (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፍልሽ፣ እንዳትደናገሪ)። በ1851 ኦሃዮ ውስጥ አክረን የምትባል ከተማ በሴቶች መብት ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር እዚህ አገር ትምህርት ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ አለ፣ "እኔስ ሴት አይደለሁም ወይ" እያለች ደጋግማ የምትጠይቅበት።

እረፍት ቀኔን ጠብቄ በሜትሮ ባቡር ዋሽንግተን ወረድኩና ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ፣ ትልቁ የመንግሥት ቤተ መፃሕፍት ሄድኩ። እዚያ መታወቂያ ይዞ ለመጣ ከ16 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የአንባቢ ካርድ በነፃ ይሰጣሉ፣ ፎቶ አንስተው እዚያው አተሙልኝ፣ ደስ ብሎኝ ልሞት። የድሮ የእጅ ፅሁፍ ወዳለበት ክፍል ስትገቢ ቦርሳ የለ እስክሪብቶ የለ፣ እርሳስ ብቻ። ከዛ ለላይብረሪያኗ የምፈልገውን ብነግራት ሳቀች፣ "ጋዜጣው እኮ ዌብሳይታችን ላይ በነፃ አለ፣ ቤትሽ ሆነሽ በስልክሽ ታይዋለሽ" አለችኝ። ቀኔን ሙሉ አቃጠልኩ ማለት ነው። ካርዱን ግን አልመለስኩም።

ማታ ታማሚዎቼ ሲተኙ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። አንቲ ስሌቨሪ ቢዩግል የሚባል የኦሃዮ ጋዜጣ ነው፣ የሰኔ 21 ቀን 1851 እትም። ማሪየስ ሮቢንሰን የሚባል፣ ስብሰባው ላይ ተቀምጦ ያዳመጣት ሰው ነው የፃፈው። እታለም፣ ሁለት ሶስቴ አነበብኩት፣ ያ "ሴት አይደለሁም ወይ" የሚለው የለም! አንድም ቦታ የለም። እንደ ወንድ ጉልበት አለኝ፣ አርሻለሁ፣ አጭዳለሁ የሚለው አለ፣ ያ ግን የለም። ታዲያ ከየት መጣ? ፍራንሲስ ጌጅ የምትባል፣ ያን ስብሰባ በሊቀመንበርነት የመራች ነጭ ሴት፣ ከ12 ዓመት በኋላ በ1863 ስትፅፈው ነው የገባው። እሷ ደሞ ሶጆርነርን በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ባሪያዎች አነጋገር ነው ያናገረቻት። ሶጆርነር ግን የኒውዮርክ ሰው ናት፣ በልጅነቷ አፏን የፈታችው እንዲያውም በሆላንድኛ ነው፣ እንግሊዝኛ የለመደችው ኋላ ተሸጣ ስትሄድ ነው። የወሎን ሰው ቃል በጎጃምኛ ፅፎ "እንዲህ ብሏል" እንደማለት ነው። 13 ልጅ ወልጃለሁ አለች ብላም ፅፋለች፣ የወለደችው ግን 5 ነው።

ክላስ ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ጌጅን ውሸታም አሏት። እኔ ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ላንቺ ነው የምነግርሽ።

የሾፌሩን ሚስት ታስታውሻታለሽ አይደል፣ ልጇ ጅዳ የነበረችው። ደብዳቤ የምፅፍላት እኔ ነበርኩ፣ አምስተኛ ክፍል ሆኜ፣ በበርጩማ ተቀምጬ ደብተር ጉልበቴ ላይ አድርጌ። እሷ እያለቀሰች "የላክሽውን ብር አባትሽ በጫት ጨረሰው፣ እኔም ወገቤን ታምሜ ተኝቻለሁ በያት" ስትል አንቺ ከበሩ ላይ ሆነሽ "ደብዳቤ ላይ እንዲህ አይባልም፣ ልጅቷ በሰው አገር ትጨነቃለች" አልሽኝ። እኔም "አባትሽ ደህና ነው፣ እኔም ካንቺ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ" ብዬ ፃፍኩ። ሳነብላት ደሞ እሷ ያለችውን አስመስዬ ነው ያነበብኩላት። እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እና ጌጅን እንዴት ብዬ ልስደባት? እኔ እንደውም ሁለቱንም ወረቀት አንድ ላይ አስቀምጬ፣ የሮቢንሰኑ ሶጆርነር ያለችውን ለመስማት ይቀርባል፣ የጌጅ ደሞ ጌጅ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሰው እንዲሰማላት የፈለገችውን ያሳያል፣ ማን እንደፃፈው እስካወቅን ሁለቱም ሶርስ ነው ብዬ ፃፍኩ። ቢ ፕላስ አገኘሁ።

ሌላው ጣጣ ስም ነው። እዚህ ድሮ ሴት ስታገባ ስሟ ይጠፋል፣ የባሏ ስም ላይ ሚሲስ ብቻ ተጨምሮባት ትቀራለች። ከ1850 በፊት በነበረው ቆጠራ ደሞ በስም የሚፃፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው፣ ሚስትና ልጅ በዕድሜ በዕድሜ ቁጥር ነው። በ1850 ነፃ ሰው ሁሉ በስሙ ተፃፈ፣ በባርነት ያሉት ግን ያኔም በፆታ፣ በዕድሜና በቀለም ብቻ። ሃሪየት ተብማንን ታውቂያታለሽ መቼም፣ ያን ሁሉ ሰው ከባርነት ያስመለጠችውን፣ የጡረታ ፋይሏ ናሽናል አርካይቭስ፣ የመንግሥት መዝገብ ቤት ነው ያለው፣ ግን ተብማን ብለሽ አይደለም የምትፈልጊው፣ በሁለተኛው ባሏ በዴቪስ ነው። እሱ ደሞ ወታደር ሳለ ቻርልስ ተብሎ ተመዝግቦ ኖሮ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ብላ ምስክር ቆጥራ ማስረዳት ነበረባት። በመጨረሻ በወር 8 ዶላር የሰጧት የሱ ሚስት በመሆኗ ነው፣ በ1899 ኮንግረስ 20 አደረሰላት። ራሷ በጦርነቱ ነርስ፣ ወጥ ቤት፣ የሰላዮች አዛዥ ሆና ሰርታ 1,800 ዶላር ይገባኛል ያለችበት ወረቀትም አለ፣ መጨረሻው ላይ ሃሪየት ዴቪስ ይልና መሀሉ ላይ የኤክስ ምልክት። ያቺን ምልክት ሳይ የእማዬ የቀበሌ ወረቀት ላይ ያለው የጣት አሻራ ነው ትዝ ያለኝ።

ይሄን ለክላስ ጓደኛዬ ሳወራ ኮራ ብዬ "እኛ አገር ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም" አልኳት። በልጅነቴ ለጎረቤት ደብዳቤ እፅፍ እንደነበር ብቻ ነግሬያት ነበርና፣ ገርሟት "ታዲያ ደብዳቤ ትፅፊላት የነበረችው ጎረቤታችሁ ስሟ ማነው" አለችኝ። አፌን ያዝኩ። የሾፌሩ ሚስት እያልን አይደል ሁላችንም የምንጠራት? አንቺ ታውቂዋለሽ ስሟን?

ለእማዬ መድኃኒት የሚሆን ትንሽ ብር ልኬያለሁ፣ ቁጥሩን በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የድሮ ወረቀት ደሞ እባክሽ ለቆሎ መጠቅለያ ለሱቅ እንዳትሰጪብኝ፣ የኔ የልጅነት ደብተር ከመሀሉ ይኖራል፣ የምሞክረውን ሁሉ መጀመሪያ እዛ ላይ ነበር የምፅፈው። እና አንድ ቀን ቡና ስታፈዪ ጥሪያትና ጠይቂልኝ፣ ልጇ ደብዳቤዎቹን አስቀምጣቸው ይሆን? ስሟንም ከነአባቷ ፃፊልኝ፣ ሾፌሩን ግን እንዳትጠይቂ፣ ራሷን ነው።

እህትሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ