በሐይቃችን ላይ ጥላ የሚለበስ እንጂ የሚተከል አይደለም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደቡብ ወሎ በሐይቅ ከተማ የምኖር፣ ከጤና ሙያ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሐይቃችን ላይ በካያክ የሚቀዝፉ ወጣቶችን ማየት ጀምሬአለሁ፤ በዚህም ከልብ ደስ ብሎኛል። ካያክ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ባለ ሁለት ጫፍ መቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብና ቀላል ጀልባ ስለሆነ ነዳጅ አይፈልግም፣ ውኃውን አያቆሽሽም፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምንም ጸጥታ አያውክም። ስለዚህ ብዕር ያነሣሁት ስፖርቱን ለመንቀፍ አይደለም። ቀዛፊዎቹ ከፀሐይ ለመጠለል የሚያደርጉት ነገር አንዳንዴ ከፀሐይዋ ይልቅ የሚያሰጋ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ባለፈው ጥር፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ሁለት ወጣቶች በአንድ ካያክ መካከል ትልቅ ጃንጥላ አቁመው፣ እንጨቱን በገመድ ጠፍረው አስረው ሲቀዝፉ ከዳር ሆኜ ተመለከትሁ። እስከ ቀትር ድረስ ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ስለነበር ሐሳባቸው ብልኅነት መስሎ ታይቶኝ ነበር። ወደ 8 ሰዓት ገደማ ግን ነፋስ ተነሣ፤ ጃንጥላው ነፋሱን እንደ ሸራ ተቀበለና ጠባቧን ጀልባ በአንድ ጊዜ ገለበጣት። አንደኛው ልጅ ወዲያው ብቅ አለ። ሁለተኛው እግሩ በገመዱ ተጠልፎ ስለነበር የወጣው በአቅራቢያው የነበረ ዓሣ አጥማጅ ደርሶ ገመዱን ከቆረጠለት በኋላ ነው። ሁለቱም ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ሰውን በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ፣ አልለበሱም ነበር። ልጆቹ በሕይወት በመትረፋቸው ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ያን ቀን ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም።

ጥላ በአገራችን ክብር ያለው ነገር ነው። በታቦት ላይ ይዘረጋል፣ ሽማግሌ ከፀሐይ ይከለልበታል፣ እናት ልጇን ታቅፋ ስትሄድ ትይዘዋለች። ከዚህ ልማድ የተነሣ ወጣቶቹ በጀልባ ላይም ጥላ ቢተክሉ የሚያስወቅስ አይደለም። ሆኖም በየብስ ላይ የሚሠራው ነገር በካያክ ላይ የማይሠራበት ምክንያት ከነፋሱም ሌላ አለ። ሰውን የሚጎዳው የማይታይ የፀሐይ ጨረር ከፀሐይዋ በቀጥታ ብቻ አይመጣም፤ ከሰማያዊው ሰማይ ሁሉ ተበትኖ ይወርዳል። ሰው በዋርካ ሥር ሲቀመጥ ቅርንጫፉ አብዛኛውን ሰማይ ይሸፍንለታል። በሰፊ ውኃ መካከል አንድ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ግን ዙሪያውን ሁሉ ለሰማይ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ሙቀቱ የቀነሰለት መስሎት ሳለ ጎኑ፣ ጭኑና የእጁ ጀርባ መቃጠሉን ይቀጥላል። በዚህ ላይ ከውኃው ገጽ ተንጸባርቆ የሚመጣው ይጨመራል፤ እርሱ ከሚወርደው ጨረር ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ ባይሞላም፣ የሚመጣው ከታች ስለሆነ ባርኔጣ የማይደርስባቸውን አገጭንና የአፍንጫን ሥር ያገኛል።

ብዙዎቹ ቀዛፊዎች ከደሴ የሚመጡ ናቸው። ደሴ ብርድ ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ ጠዋት ሹራብ ደርቦ የተነሣ ሰው የዚያን ቀን ፀሐይ ትጎዳኛለች ብሎ አያስብም። ሐይቅ ደርሶ ውኃ ላይ ሲወጣም ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው ማቃጠሏ አይሰማውም። ነገር ግን ሙቀትና ጨረር የተለያዩ ናቸው። ሐይቃችን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ከዚህም ሌላ የምንኖረው ለምድር ወገብ በቀረበ ስፍራ በመሆኑ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 17 ቀን አካባቢ፣ በቀትር በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በነሐሴ ደመናው ይጋርደናል፤ ያም ቢሆን ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። በሚያዝያ ግን ሰማዩ ጠርቶ በሚውልባቸው ቀናት ምንም የሚጋርደን የለም፤ የፋሲካ እንግዶች ወደ ሐይቁ የሚጎርፉትም በዚያው ሰሞን ነው።

«እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ታደርገናለች» የሚለውን አነጋገር በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጥቁር ቆዳ በእርግጥ የተፈጥሮ መከላከያ አለው፤ ግን መጠን አለው። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ እጅጌ በሌለው ልብስ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ስትቀዝፍ ውላ፣ ትከሻዋ ለሦስት ቀን ልብስ እንኳ ሳያስነካት ቀርቶ በኋላ ተላጠ። ዓይንን ደግሞ የቆዳ ቀለም አያድነውም፤ ለብዙ ዓመታት ያለ መከለያ በብርሃን ውስጥ የሚውል ሰው ለዓይን ሞራና በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ለሚያድግ ሥጋ መሰል ነገር ይጋለጣል። ለወባ መከላከያም ሆነ ለሌላ ሕመም ዶክሲሳይክሊን የሚወስዱ ሰዎች ቆዳቸው በቶሎ እንደሚቃጠል ማወቅ አለባቸው፤ መድኃኒቱን እስኪጨርሱ ከቀትር ፀሐይ ቢርቁ ይሻላቸዋል። ከሁሉ በላይ የማስበው ግን ያለ ቀለም የተወለዱ፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆቻችንን ነው። የቆዳ ካንሰር በለጋ ዕድሜ የሚያገኛቸው እነርሱን ነውና በካያክ ለመደሰት ያላቸው መብት ከጥንቃቄ ጋር ሊጠበቅላቸው ይገባል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድር ነው ቢባል፣ የእኔ መልስ ጥላውን በጀልባው ላይ ከመትከል ይልቅ በሰውነት ላይ መልበስ ነው። ልብስ ከላይም፣ ከጎንም፣ ከታችም የሚመጣውን ጨረር ይከለክላል፤ ነፋስ አይወስደውም፤ ጀልባ ቢገለበጥም አብሮ ይዋኛል። ይሁንና ሁሉም ልብስ እኩል አይደለም። ብዙ ወጣቶች የሚለብሱት ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ደረቅ ሳለ የሚሰጠው መከላከያ ትንሽ ነው፤ ሲረጥብ ደግሞ ብርሃን በይበልጥ ስለሚያሳልፍ ያም ይቀንሳል። ካያክ ላይ ደግሞ የማይረጥብ ሰው የለም። ጥሩው ልብስ ሽመናው ጠበቅ ያለ፣ ቀለሙ ደመቅ ወይም ጠቆር ያለ፣ እጅጌው እስከ እጅ አንጓ የሚደርስና ለክንድ እንቅስቃሴ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ነው። በብርሃን ፊት ዘርግቶ ማየት ቀላሉ መመዘኛ ነው፤ ብርሃኑ ወለል ብሎ ካለፈ ጨረሩም ያልፋል። ለስፖርት ተብለው የሚሠሩት፣ ቶሎ የሚደርቁ ባለ ረጅም እጅጌ ልብሶች ደግሞ ከሁሉ ይመቻሉ፤ በልባሽ ጨርቅ ገበያ በርካሽ ሲሸጡ አይቻለሁ።

የወሎ ልብስ በራሱ ብዙ ያስተምራል። ሻሽና ሒጃብ የሚያደርጉ እኅቶቻችን፣ ወንዶቹ ሁሉ የሚረሷቸውን ጆሮንና ማጅራትን ሸፍነው ይወጣሉ፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ካስገቡትና በመርፌ ቁልፍ ካልወጉት ለቀዘፋ ምንም እንከን የለበትም። ጋቢና ሽርጥ ግን በየብስ የሚወደዱትን ያህል በውኃ ላይ አደገኛ ናቸው። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ሽርጥም በእግር ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ ለእግር ረጅም ቀለል ያለ ሱሪ፣ ለእግር ጫፍም የማይወልቅ ሸራ ጫማ ይበቃል። ኮፍያ ግንባርን እንጂ ጆሮን ስለማይከልል፣ ዙሪያውን ቢያንስ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፈፍ ያለውና በአገጭ ሥር የሚታሰር ባርኔጣ እመርጣለሁ፤ የባርኔጣው ማሰሪያ ግን ሲጎትቱት የሚላቀቅ መሆን አለበት። ላይፍ ጃኬቱ ከሁሉ በላይ ይለበሳል፤ ደረትንና ጀርባንም ከፀሐይ ስለሚከልል ለሁለት ነገር ይጠቅማል።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት በአጭሩ ልናገር። በልብስ ላልተሸፈነው፣ ማለትም ለፊት፣ ለእጅ ጀርባና ለአገጭ ሥር ጠቃሚ ነው። በማሸጊያው ላይ 30 የሚል ቁጥር ያለው በአግባቡ ከተቀቡት ቆዳን የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ገደማ ስለሚያስቀር፣ ለ50 ብዙ ገንዘብ መጨመር ግድ አይደለም። ነገር ግን ውኃ ያጥበዋል፤ በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት፤ ዋጋውም ለብዙ ወጣቶች የሚቀመስ አይደለም። አንድ ሸሚዝ ግን አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል።

ሰዓትን መምረጥ ደግሞ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ዓሣ አጥማጆቻችን መረባቸውን በማለዳ ሰብስበው ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ዳር ይመለሳሉ፤ ይህን ያስተማራቸው ልማድ ነው። ቀዛፊዎችም ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ነፋሱ በረድ ካለ ከ10 ሰዓት ወዲህ ቢወጡ የቀኑን ክፉ ፀሐይ ያመልጧታል። ሰዓት ላልያዘ ሰው የራሱ ጥላ ይነግረዋል፤ መሬት ላይ ያረፈው ጥላው ከቁመቱ ካነሰ ፀሐይዋ በርትታለችና ወደ ዛፍ ሥር መግባት ነው። በማለዳ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ወደ ማታ ደግሞ በምዕራቡ ዳርቻ ያሉ ዛፎች ጥላቸውን ወደ ውኃው ስለሚጥሉ፣ ዳር ዳሩን መቅዘፍ ለዕረፍትም ለደኅንነትም ይበጃል። በረመዳን የሚጾሙ ወጣቶቻችን ቀን ውኃ ስለማይጠጡ፣ መቅዘፍ ከፈለጉ ለኢፍጣር ጥቂት ሲቀር፣ ያም ለአጭር ጊዜና ከዳር ሳይርቁ ቢሆን እመክራለሁ። ሌላው ቀዛፊ ጥም እስኪሰማው ሳይጠብቅ ይጠጣ፤ የሐይቁን ውኃ ሳይሆን ከቤት ያመጣውን።

የቀረኝ ለሚያከራዩትና ለሚመለከታቸው የወረዳችን ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ነው። ጃንጥላ በካያክ ላይ ማሰር ይከልከል። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ሰው ጀልባ አይሰጠው። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ኪራይ ይቁም፤ ገቢው እንዳይቀንስባቸውም የማለዳውንና የማታውን ሰዓት ያስረዝሙ። እስካሁን ደንበኞች ተራቸውን የሚጠብቁት ከባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ የባሕር ዛፍ ጥላ ደግሞ ስስ ስለሆነ ወደ ውኃው ሳይገቡ ግማሽ ቀን በፀሐይ ይመታሉ። በጀልባ መነሻው አጠገብ ዋርካና ዋንዛ ቢተከል የልጅ ልጆቻችን ይጠለሉበታል። ለእኛ ዘመን ግን ለሠርግና ለለቅሶ በአንድ ቀን የምናቆመው ዳስ ይበቃናል፤ ጣሪያው ሣር ይሁን፣ አግዳሚ ወንበርና የመጠጥ ውኃ በርሜል ይኑረው።

ይህን ዳስ ከመጪው ሚያዝያ በፊት ለማቆም ምሰሶውንና ሣሩን ከጎረቤቶቼ ጋር ለማዋጣት ተነጋግረናል፤ ጉልበት የሚሰጡ ወጣቶችም አሉን። የምንጠብቀው ቦታውን ለክቶ የሚያሳየን የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሐይቅ ከተማ ነዋሪ፣ ደቡብ ወሎ