ቻቱን ከመሰረዝሽ በፊት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የኮምቦልቻ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደሴ ብርዱን ለምደነዋል። በስልክ እንዳላወራሽ አባትሽ ከአጠገቤ አይጠፋም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ፍቅረኛ መያዝሽን አልከለክልም። ግን «የምትወጂኝ ከሆነ ቴሌግራምሽን ክፈችልኝ» የሚል ልጅ የሚፈልገው ለመግቢያ የሚመጣልሽን ባለ 5 አሃዝ ኮድ ነው። ከሰጠሽው ቻትሽ በእሱም ስልክ ይነበባል፤ ያንቺ ስልክ እንደወትሮው ስለሚሠራ ኮዱን መስጠትሽን ትረሺዋለሽ። ሴቲንግ ገብተሽ «ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቺ፤ የማታውቂው ስልክ ካለ አስወጪው። ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ላይ ፓስወርድ ጨምሪ፤ ያኔ ኮዱ ብቻውን አያስገባም።

የገላሽን ፎቶ ላኪልኝ ቢልሽስ? «ሲክሬት ቻት ነው፣ ስክሪንሾት አይነሳም» ይሉሻል። አንዳንድ ስልክ ላይ እውነት ነው፣ ግን በሌላ ስልክ ከላይ ቢያነሳውስ ማን ይከለክለዋል? በተራው ቻት የላክሽውን ደግሞ ከሁለታችሁም ብታጠፊው ጋለሪው ውስጥ የገባው ይቀራል። ልጁ ጨዋ ቢሆን እንኳ ስልኩ ይሰረቃል፣ ጥገና ቤት ያድራል። ፊትሽን ቆርጠሽ ብትልኪም መጋረጃሽ ወይም ጉልበትሽ ላይ ያለው ጠባሳ ያሳውቃል። እኔን ከጠየቅሽኝ አትላኪ።

«ፎቶሽን እበትነዋለሁ» የሚል ማስፈራራት ከመጣ ግን ብር አትክፈይ፤ አንዴ የከፈለችን ደግመው ይጠይቋታል። ብዙዎቹ ደንግጠው መጀመሪያ ቻቱን ይሰርዛሉ፤ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ እሱም ቢሆን ቻቱን ካንቺ ስልክ ጭምር ሊያጠፋው ስለሚችል ፈጥነሽ ስክሪንሾት አንሺ፤ ዛቻው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ዩዘርኔሙ (በ@ የሚጀምረው፤ ስሙን አላልኩም፣ ስም ማንም ይቀይራል)፣ ብር ላኪበት ያለው የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር ይታይ። ሲክሬት ቻት ከሆነ ላንቺም ላይነሳልሽ ስለሚችል በጓደኛሽ ስልክ ፎቶ አንሺው። ብሎክ ከዚያ በኋላ።

በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13፣ በምስልና በቪዲዮ ሰውን ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ፖሊስ ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ። 18 ዓመት ለሞላቸው «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» (StopNCII.org) የሚባል ድረ ገጽም አለ፤ ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ የፎቶውን ዲጂታል አሻራ (ፎቶውን የሚለይ ኮድ) ብቻ ይወስዳል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ አሻራ ለይተው ያግዱታል።

አብሽሪ፣ ምንም ቢመጣ አልቆጣሽም። ቅዳሜ ስትመጪ የኔንም «ዲቫይስ» ታይልኛለሽ፤ ወንድምሽ ስልኬን ሲነካካ ነው የሚውለው።

እናትሽ