መስጠቱንስ ሁሉም ያውቅበታል፤ መልሶ መውሰዱስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከኒዮሊበራሊዝም፣ ማለትም ገበያው በነፃ ይሥራ፣ መንግሥት እጁን ይሰብስብ ከሚለው አስተሳሰብ፣ በኋላ ምን ዓይነት የኢኮኖሚ ሥርዓት ይመጣል የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከስም ነው። አንዱ ሶሻሊዝም ይመለሳል ይላል፣ ሌላው ልማታዊ መንግሥት፣ ሦስተኛው ስሙ ገና ያልወጣለት አረንጓዴ ነገር። ስሙን ትተን አንቀጾቹን ብንመረምር ይሻላል። ብድሩን የሚያድለው ማነው? ባለቤቱስ? የመንግሥት ድጋፍ አግኝቶ ያልተሳካለት ድርጅት ምን ይደረጋል? ይህ ደብዳቤ በተለይ የመጨረሻውን ይመለከታል፤ በክርክሩ ውስጥ ብዙም ሲነሣ አላይም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አንድ ነገር ይጥራ። ኒዮሊበራሊዝም መንግሥት እጁን የሰበሰበበት ዘመን ነበር የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆን ዊሊያምሰን በ1989 “የዋሽንግተን ስምምነት” ብሎ በአሥር ነጥብ ያሰፈረው ዝርዝር፣ ማለትም በጀት ማጥበቅ፣ ወለድን ለገበያ መተው፣ ቀረጥ መቀነስ፣ የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል ማዛወርና የመሳሰለው፣ ዕዳ ያጎበጣቸውን የላቲን አሜሪካ አገሮች የሚመለከት ነበር። በ2008 የፋይናንስ ቀውሱ የአበዳሪዎቹን አገሮች ደጅ ሲያንኳኳ ግን የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ እያወጣ ቦንድና ሌላ ሀብት በመግዛት ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በታች የነበረውን የሒሳብ መዝገቡን እስከ 2014 መጨረሻ ወደ 4.5 ትሪሊዮን ገደማ አሳደገው። መንግሥት ሁልጊዜም እዚያው ነበር። የሚያከራክረው ገንዘቡን ሲያወጣ በምላሹ ምን ይቀበላል የሚለው ነው።

ተተኪ ይሆናል ተብሎ ዛሬ በስፋት የሚወራለት የኢንዱስትሪ ፖሊሲ፣ ማለትም መንግሥት የመረጣቸውን ኢንዱስትሪዎች በብድርና በድጎማ መደገፉ፣ የቆየ ታሪክ አለው። ደቡብ ኮሪያ ከ1961 በኋላ የንግድ ባንኮችን በመንግሥት እጅ አስገብታ ሠርታበታለች። ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ላኪው ከውጭ ገዥ የተከፈተለትን ኤልሲ (የገዥው ባንክ ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን ሰነድ) ይዞ ባንክ ሲቀርብ ብድሩ ያለ ብዙ ጥያቄ ይለቀቅለታል። በ1960ዎቹ መገባደጃ የዚህ ብድር ወለድ 6 በመቶ አካባቢ ሲሆን ተራው ተበዳሪ ከ20 በመቶ በላይ ይከፍል ነበር። ላኪው ጥሬ ዕቃውንም ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ “በምርት ሂደት ይባክናል” ተብሎ የሚፈቀድለት መጠን በልግስና ስለሚሰላ የተረፈውን አገር ውስጥ በውድ ይሸጠዋል። ይህ ሁሉ ስጦታ ነው፤ እዚህ ላይ ብቻ ቢያበቃ ኪራይ ሰብሳቢነት ከመሆን ባልዳነ ነበር። ያዳነው መለኪያው ነው። ኤክስፖርት የሚቆጠረው በውጭ ገዥ ኪስ ስለሆነ በሪፖርት ማሳመር ብዙ አያስኬድም። ፕሬዝዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ራሳቸው በየወሩ በሚገኙበት ስብሰባ ዕቅድና ክንውን ጎን ለጎን ይቀርባል። መላክ ያቆመ ኤልሲ አያገኝም፤ ኤልሲ የሌለው ደግሞ ርካሽ ብድር የለውም። “ይቋረጥበት” ብሎ የሚፈርም ባለሥልጣን አላስፈለገም፤ ድጎማው በራሱ ጊዜ ይደርቃል።

በ1973 ወደ ከባድና ኬሚካል ኢንዱስትሪ ሲዞሩ ይህ ቁልፍ ላላ። መርከብና ማሽን ሠርቶ እስኪላክ ዓመታት ይወስዳል፤ እስከዚያ ብድሩ የሚለቀቀው በተስፋ ነው። የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ በዚያው ዓመት በ1 ሚሊዮን ቶን ገደማ አቅም ሥራ ጀምሮ ተሳካለት። ሌሎች ብዙዎች ግን ከአቅማቸው በታች የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሆነው ቀሩ፤ በ1980፣ የነዳጅ ዋጋውና የፖለቲካ ቀውሱ ተጨምሮበት፣ ኢኮኖሚው ራሱ ተኮማተረ። ከሁሉ የከፋው ግን የተበዳሪው መግዘፍ ነበር። ትልቅ ተበዳሪ ሲወድቅ ባንኩን ይዞ ስለሚወድቅ ማንም ደፍሮ አይነካውም። ያ ሲንከባለል የመጣ ዕዳ በ1997ቱ የእስያ የፋይናንስ ቀውስ ተከፈለ።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። የአሜሪካ የ2022 የቺፕ ሕግ 52.7 ቢሊዮን ዶላር መድቦ 39 ቢሊዮኑን ለፋብሪካ ማበረታቻ አደረገው። በወረቀት ላይ ጥርስ አለው። ገንዘቡን የወሰደ ለ10 ዓመት በቻይና የላቀ ቺፕ የማምረት አቅሙን በሚታይ መጠን እንዳያስፋፋ ይከለከላል፤ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኘ ድርጅት ከተነበየው እጅግ አብልጦ ካተረፈ ከፊሉን ያካፍላል። በነሐሴ 2025 መንግሥት ለቺፕ አምራቹ ኢንቴል ሊከፍል የቀረውን ድጎማ በአክሲዮን ለውጦ የ10 በመቶ ገደማ ባለድርሻ ሲሆን ብዙዎች “ሶሻሊዝም መጣ” አሉ። ዝርዝሩ ግን ሌላ ይናገራል። መንግሥት የቦርድ መቀመጫ የለውም፤ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር ድምፁን የሚሰጠው ከቦርዱ ጋር ነው። ቀደም ሲል በተሰጠው ድጎማ ላይ የነበሩት ገንዘብ የማስመለስና ትርፍ የማካፈል ግዴታዎችም ተነሥተዋል። ድርሻውን አገኘ፣ ልጓሙን ለቀቀ። እኔ ብሆን ልውውጡን አልቀበለውም ነበር።

በባለቤትነት በኩል የመጣው ሐሳብ ከዚህ ይጠልቃል። ከሁሉም በስሌት የተሟላው የስዊድን ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ኢኮኖሚስት የነበሩት ሩዶልፍ ማይድነር በ1970ዎቹ አጋማሽ ያቀረቡት ይመስለኛል። ኩባንያው በዓመት ካተረፈው የ20 በመቶውን ያህል አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ለሠራተኞች የጋራ ፈንድ ያስረክባል። 100 ሚሊዮን ካፒታል ያለው ኩባንያ 10 ሚሊዮን አተረፈ እንበል። የ2 ሚሊዮን አክሲዮን ለፈንዱ ይሄዳል፤ ከካዝናው ግን ቤሳ አይወጣም፣ ማስፋፊያውም አይስተጓጎልም። የነባሮቹ ድርሻ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ እየሳሳ ሄዶ ፈንዱ ግማሹን የሚይዘው በ35ኛው ዓመት ነው፤ ትርፉ 20 ሚሊዮን ቢሆን በ18ኛው። ዕቅዱን የገደለውም ይኸው ስሌት ነው። ተሸናፊው ከመጀመሪያው ቀን ራሱን ያውቃል፤ ተጠቃሚው ግን ውጤቱን ለማየት ዕድሜውን ይጠብቃል። በ1983 አሠሪዎች ስቶክሆልም አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕግ የተበረዘ ነበር፤ ከትርፍ ላይ ግብር እየሰበሰቡ ከገበያ አክሲዮን የሚገዙ አምስት ፈንዶችን አቋቋመ። እነሱም እንደማንኛውም ገዥ ሆነው ስለቀሩ በ1991 የመጣው መንግሥት ሲያፈርሳቸው ብዙ የተሟገተላቸው አልነበረም። የጀርመን የ1976 ሕግ ደግሞ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ባለው ኩባንያ የተቆጣጣሪ ቦርዱን ግማሽ መቀመጫ ለሠራተኞች ይሰጣል። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ግን ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ድምፅ ይጨምራል፤ ሊቀመንበሩ በተግባር የባለአክሲዮኖቹ ሰው ነው።

የስፔኑ ሞንድራጎን በ1956 የጀመረ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ የትርፍ ድርሻው በግል ሒሳቡ ይመዘገባል፣ በእጁ የሚገባው ግን ሲለቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ ነው። በ2013 የቤት ዕቃ አምራቹ ፋጎር ሲከስር ስብስቡ “ከእንግዲህ ገንዘብ አላፈስም” አለ። አባላቱን ግን አብዛኞቹን ወደ እህት ማኅበራት አዛወረ ወይም በጊዜ ጡረታ አስወጣ። ድርጅቱን ቀብሮ ሰዎቹን ማትረፍ ማለት ይህ ነው። እንከንም ነበረበት። አባላቱ በድርጅቱ ያኖሩት ገንዘብ አብሮ ተቀበረ፤ በፈረንሳይና በፖላንድ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ደግሞ ቅጥረኞች እንጂ አባላት ስላልነበሩ ያ ዋስትና አልደረሳቸውም።

ከዚህ የምወስደው ነገር፣ ድጎማ መንጠቅ የሚሳነው መንግሥት ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ፋብሪካውን ሳይሆን በሩ ላይ የሚሰለፈውን ሠራተኛ መሆኑን ነው። ሠራተኛው የሚያርፍበት ካለው መንጠቅ ይቻላል። በዴንማርክ አሠሪ ሠራተኛን ማሰናበት አይከብደውም፤ የሥራ አጥነት መድን አባል የሆነው ሥራ አጥ ግን ጣሪያ ባለው መጠን ከቀድሞ ደሞዙ እስከ 90 በመቶ፣ እስከ ሁለት ዓመት ያገኛል። ለሁሉም ሰው የሚከፈል መሠረታዊ ገቢም በዚሁ ምክንያት ይነሣል፤ ሒሳቡ ግን ይታይ። ለእያንዳንዱ ዜጋ የነፍስ ወከፍ ገቢውን ሩብ እንክፈል ያለ መንግሥት የአገሪቱን ምርት ሩብ ይፈልጋል። ከምርቱ 15 በመቶ ግብር የሚሰበስብ አገር ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ እንኳ አይበቃውም።

ስለዚህ ከድጋፍ ውሉ እንጀምር። መለኪያው ተቀባዩ ራሱ ሊጽፈው የማይችል ቁጥር ይሁን። “ስንት ሰው ቀጠርክ” ከተባለ ከእህት ኩባንያው ሠራተኛ አዛውሮ አዲስ ብሎ ያስቆጥራል፤ “ስንት ኢንቨስት አደረግህ” ከተባለ የራሱ ቅርንጫፍ የሸጠለትን ማሽን በእጥፍ ዋጋ ያስመዘግባል፣ በዚያውም ገንዘቡን ያሸሻል። ወደ ውጭ የተላከ ምርትና ያስገኘው ምንዛሪ፣ በቆጣሪ የተነበበ ኤሌክትሪክ፣ ከግብር መዝገብ የተወሰደ ሽያጭ ለማጭበርበር ይከብዳሉ። ክፍያው በምዕራፍ ይከፋፈል። ማብቂያው ቀን በውሉ ይጻፍ፤ ማቋረጥ ውሳኔ የሚጠይቅ ከሆነ ማንም አይወስንም፣ ስለዚህ ውሳኔ የሚጠይቀው ማራዘሙ ይሁን። የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ገምጋሚ ከሆነ ደግሞ ስህተቱን ላለማመን ሲል ይቀጥላል፤ ግምገማው ለዋና ኦዲተር ይሰጥ።

ክቡር አዘጋጅ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለአንድ ኩባንያ ድጋፍ ተሰጠ የሚል ዜና ስታወጡ፣ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠበት ፎቶ ሥር ሦስት ነገር ጨምሩልን፦ ገንዘቡ ስንት ነው፣ የሚለካው በምንድን ነው፣ የሚያበቃውስ መቼ ነው? መልስ የተነፈጋችሁበትን “አልተሰጠም” ብላችሁ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ