የምጥ መከታተያዬን ስጡኝ

ይድረስ የጤና ተቋማትን ለሚቆጣጠሩት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣

የወለድኩበት ሆስፒታል የፋይሌን ቅጂ እንዲሰጠኝ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያስገባሁት ልጄን ታቅፌ፣ ገና አራስ ሳለሁ ነው። አሁን ልጅቱ ትሮጣለች። በመካከሉ አራት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሻለሁ። ሁለቴ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አንዴ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል፤ በአራተኛው ጸሐፊዎ «እናትም ልጅም ደህና ናችሁ፤ ታዲያ ምን ጎደለብዎት?» ብለው አሰናበቱኝ። የጎደለብኝን እዚህ ልንገርዎት።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ሆስፒታል የገባሁት አርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። የማህፀን በር 4 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል ተባልኩ። የልጄ የልብ ምት ጥሩ ነበር፤ አዋላጇ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰምታኛለች። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሐኪሙ መጡ። ጓንታቸውን እያወለቁ፣ ዓይናቸውን ባለቤቴ ላይ ጥለው፣ «ምጡ ተጓቷል፤ ልጁን እንዳናጣው ኦፕራሲዮን ይሻላል» አሉ። «እንዳናጣው» የተባለ አባት ምን ብሎ ይከራከራል? ፈረመ። ሐኪሙ በሩ ጋ ቆመው በስልክ «ሁለተኛዋን አዘጋጁልኝ፤ ይቺን ጨርሼ እመጣለሁ» ሲሉ ግን በምጥ መካከል ሰምቻለሁ። ሁለተኛዋን አላውቃትም። እንኳን ማርያም ማረቻት።

ሂሳቡ በምጥ ብወልድ ከምከፍለው ሦስት እጥፍ ነበር። ይህንንም እንለፈው።

ካርዴን ልጠይቅ ስሄድ የመዝገብ ሠራተኛዋ ፋይሉን ገለጠችው። ፓርቶግራፍ የሚሉት የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ምልክት ብቻ አየሁ፦ አንዱ 4 ላይ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ያለውም 4 ላይ። የልብ ምት የሚሞላበት ረድፍ ነጭ ነው። ቅጂ ስጠይቃት ፋይሉን ከደነችው።

ደንቡን እርስዎን አላስተምርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. መመሪያው፣ እናትና ጽንስ ደህና እስከሆኑ ድረስ 5 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ምጥ ዘገየ ተብሎ ኦፕራሲዮን እንዳይሠራ መምከሩን ያውቃሉ። ሆስፒታሎች ወላዶችን ሮብሰን በሚባሉት አሥር ምድቦች፣ ማለትም በቀደመ ወሊዳቸው፣ በጽንሱ አቀማመጥና በመሳሰለው እየለዩ ኦፕራሲዮናቸውን እንዲከታተሉ ማሳሰቡንም ያውቃሉ። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦፕራሲዮን የተወለዱት በአገር ደረጃ 1.9 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 21.4 በመቶ መሆናቸውን ሲያሳይስ ማንን ምን ብለው ጠየቁ? ኦፕራሲዮንን አልጠላም፤ የአክስቴ ልጅ የተረፈችው በእሱ ነው። እሷ ግን ለምን እንደተሠራላት ታውቃለች።

የእርስዎ ባለሙያ የሰጡኝ ብቸኛ መልስ «ፈርማችኋል እኮ» የሚል ነው። መፈረማችንንማ እኛም እናውቃለን። የጠየቅኩት ሐኪሙ ምን አይተው አስፈረሙን ነው።

አሁን ሁለተኛ ልጄን ፀንሻለሁ። አዲሷ ሐኪሜ በመጀመሪያው ቀን «የፊተኛው ለምን ተሠራ? ማህፀንሽ የተከፈተው ወደ ጎን ነው ወይስ ከላይ ወደ ታች?» ብላ ጠየቀችኝ። የውጭው ጠባሳ የውስጡን አይናገርም አለች፤ የውስጡ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ምጥ ላይ ሊተረተር ይችላልና ሳታውቅ በምጥ ሞክሪ ልትለኝ አትደፍርም። ያ ፋይል ካልመጣ ዳግመኛ መቀደዴ ነው።

ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ የካርድ ቁጥሬ ከላዩ ተጽፏል።