ግፊትን የለኩ ልጆች፦ የፊዚክስና ታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

«ከአፈሙዝ በሚጎርሱ ጠመንጃዎች ውስጥ የባሩድ ግፊት»። ዘንድሮ የያዝነው ርዕስ ይህ ነው። ሰምቶ ግንባሩን ያልቋጠረ ሰው ጥቂት ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ሳይቀር «ልጆቹን ተኩስ ልታስተምር ነው እንዴ?» ተብያለሁ። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር። በዓመቱ ውስጥ አንድም ልጅ ባሩድ አልነካም። ጠመንጃም ግቢያችን አልገባም። የሠራነው ልኬት ነው።

ርዕሱን ያመጡት ልጆቹ ናቸው። ነገሩ የተጀመረው ስለ መቅደላ ሲማሩ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ስናይደር ይዞ መጣ፤ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች አብዛኞቹ ግን ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዝ እየጠቀጠቁ ነበር የሚተኩሱት። በሁለቱም ወገን ያለው ያው ጥቁር ባሩድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? የአጎራረስ ፍጥነት እንደሆነ ቶሎ ደረሱበት። ግን ጥያቄው በዚያ አላበቃም። ውስጥ ያለው ግፊት ስንት ነው? ማን ለካው? በምን?

ስብሰባው በየሳምንቱ ሐሙስ ነበር። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ መዋጮ ተሰበሰበ። ይህን ሁሉም ክበብ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያለፈው በለኪዎቹ ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 የባሩድ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት 1,000 እጥፍ ገደማ ነው አለ። የፊዚክስ ሊቁ ካውንት ራምፎርድ በ1797 ከ50,000 እጥፍ በላይ ነው ብሎ ጻፈ። ተመራማሪዎቹ ኖብልና ኤብል በ1875 በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ባሩድ ሞልተው ሲለኩ 6,400 እጥፍ ገደማ አገኙ። የኖብል መለኪያ ትንሽ የመዳብ ቁራጭ ነበረች። ግፊቱ መዳቧን ይጨፈልቃታል። ምን ያህል እንዳጠረች ታይቶ በሰንጠረዥ ይሰላል።

እኛ መዳብ ስለሌለን ሻማ ቆራርጠን በሚዛን ድንጋይ ጨፈለቅን። የቡድኖቹ ውጤት ተለያየ። አንዳንዶቹ ቁጥራቸውን ሊያጠፉ ሲሉ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከለከለቻቸው። «ሮቢንስና ራምፎርድ 50 እጥፍ ተለያይተው አሳትመውታል፤ እኛ ምን ያሳፍረናል?» አለች። ቁጥሮቹ ሁሉ ምክንያታቸው ተጽፎ በመዝገቡ ቀሩ።

የዚህች ልጅ አባት ጎሚስታ ናቸው። መንገድ ዳር፣ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ነው የሚሠሩት። በዓመቱ መጀመሪያ ቢሮ ድረስ መጥተው «ልጄ የጠመንጃ ነገር ምን ያደርግላታል?» ብለው ነበር። አልፈረድኩባቸውም። አዲስ አበባ ስንሄድ አብረውን እንዲመጡ ጠየቅኳቸው። እሺ አሉ።

ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ወጥተን ቴዎድሮስ አደባባይ ደረስን። እዚያ የቆመው የሴባስቶፖል ቅጂ ነው። ዋናው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ 7 ቶን ገደማ ክብደቱን ሰው እየጎተተው መቅደላ የወጣው ነው። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ሲከራከሩ ያቺ ተማሪ ማስረዳት ጀመረች። ባሩዱ ሲቀጣጠል ግፊቱ ከታች በኩል በቅጽበት ጣሪያ ይነካል። ጥይቱ ወደ አፈሙዙ በሄደ ቁጥር ቦታው ይሰፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። መድፍ ሠሪዎች ከታች ብረት የሚያወፍሩት ለዚህ ነው።

አባትየው ቀረብ አሉ። «ጥይቱ ታች ድረስ ባይጠቀጠቅስ?» ብለው ጠየቁ።

«አባዬ፣ በባሩዱና በጥይቱ መሀል ክፍተት ከቀረ ብረቱ ሊያብጥ ይችላል። ሊፈነዳም ይችላል።»

«ጎማም እኮ መጀመሪያ ያብጣል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ከልጃቸው ላይ አልተነሳም። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ቀን የረካሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በሳምንቱ ክበቡን ሱቃቸው ጋበዙ። ልጆቹ በእሳቸው መለኪያ የከባድ መኪና ጎማ ለኩ። 120 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ገደማ ነው። ከአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ውስጥ የጥቁር ባሩድ ግፊት ብዙ ጊዜ ከ10,000 ያልፋል። ጭስ አልባው ባሩድ ደግሞ በዘመናዊ ጠመንጃ ውስጥ ከ50,000 በላይ ይደርሳል። ጭስ አልባው ግፊት ሲጨምር መንደዱም ይፈጥናል፣ ያ ደግሞ ግፊቱን መልሶ ይጨምራል። በድሮ ጠመንጃ ቢገባ ብረቱን የሚበታትነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር ባሩድ ይህ ጠባይ በጣም ያንስበታል። ከነደደ በኋላም ከክብደቱ ከግማሽ በላዩ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ጭሱና ጥላሸቱ ከዚያ ነው።

በጥቁር ባሩድ ምትክ ስለሚጎርሱትም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጣው ፓይሮዴክስ ከጥቁር ባሩድ ይቀላል። ስለዚህ የሚለካው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም። በሚዛን እኩል ላድርግ ያለ ሰው ከልክ በላይ ያጎርሳል። ልጆቹ ይህን በሲኒ ጤፍና በሲኒ ሽሮ አሳዩት። በሳይንስ ቀን ብዙ ሰው ያቆመው ጠረጴዛ ይኸው ነበር።

ያልተሳካም አለ። በሳይንስ ቀን መብራት ጠፍቶ የግራፍ ማሳያችን መሀል ላይ ቆመ። የመርፌ ሲሪንጅ ሙከራችንም ሲሪንጆቹ እየተሰነጠቁ ተቋረጠ። የአዲስ አበባውን አውቶቡስ የከፈሉት ወላጆች ናቸው፤ ለክበባት ከተያዘው በጀት አንድ ብር አልደረሰንም። ለእግር ኳስ ማልያ ሲገኝ ለአንድ የግፊት መለኪያ ለምን እንደሚጠፋ አሁንም አልገባኝም። ኳሱን ጠልቼ አይደለም። ግን ልጆቻችን መለኪያ ከጎሚስታ ሲዋሱ ዓመቱ አለቀ።

ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለት የግፊት መለኪያ፣ አንድ ትክክለኛ ሚዛን፣ ቁልፍ ያለው አንድ ቁምሳጥን። የቀድሞ ተማሪዎቻችን በዚህ ልታግዙን ትችላላችሁ። ለማገዝ የምትፈልጉ በፊዚክስ ትምህርት ክፍል በኩል አግኙን። አዲስ አባላት የምንመዘግበው በመስከረም ነው፤ የሁሉም ክፍል ተማሪዎች መግባት ይችላሉ።